አራት ሳምንት የቀደመው ጾም

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። እናቴ ይህን ተረት በሳምንት ሁለት ጊዜ ትተርትብኝ ነበር፣ ሲብስባት ሦስቴ። የማማስለው እኔ ነኝ። የሚያርረው የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ነው። የሰው ድስት የተባለው ደግሞ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ የጀመርኩት የኢትዮጵያ ካሌንደር ነው፤ በስልክና በኮምፒውተር የሚሠራ፣ በነፃ የሚታደል፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የፈለገ የሚወስደው፣ የቻለ የሚያርመው። የቻለ ያርመዋል የሚባለው ለወሬ ያህል ነው። ወሳጁ ብዙ ነበር፣ አራሚው ግን እኔ ብቻ።

«ለማን ነው የምትሠራው?» ትለኛለች።

«ለሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ሰው የማን ልጅ ነው?»

 መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። አንድ የማላውቀው ሰው ከማላውቀው ከተማ «ወንድሜ ተባረክ» ብሎ ሲጽፍልኝ ደረቴ ይነፋል። በሦስተኛው ዓመት ግን ምርቃቱ ቀርቶ ትእዛዙ ብቻ መጣ።

የምንኖረው ፈረንጅ አገር፣ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር፣ ከባቡሩ መንገድ ትንሽ ገባ ያለ ባለ ሁለት ክፍል አፓርትመንት ውስጥ ነበር። እናቴ ዴ ሞይን በምትባል ከተማ፣ ከኤርፖርቱ ወዲያ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ታነጥፋለች፤ በቀን አሥራ አራት ክፍል፣ እሑድን ጨምሮ። ጉልበቷ ካለቀ ቆይቷል። ደረጃ ስትወርድ አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ቆም ብላ፣ ሌላውን ታስከትላለች። ሐኪሙ ሥራ ቀይሪ ብሏታል። እሷ ግን ቀጠሮ የያዘችው ከእኔ ጋር ነው። «አንተ ብቻ ተመረቅ። በማግስቱ ያን ጋሪ ገፍቼ ባሕር ውስጥ ባልጨምረው!» ትላለች። ሆቴሉ ከባሕሩ አይርቅም፣ ስታደርገው ይታየኛል። እንግዲህ እኔ አንድ ኳርተር፣ የሦስት ወር የትምህርት ጊዜ፣ በዘገየሁ ቁጥር እናቴ ያንን የአንሶላ ጋሪ አንድ ኳርተር ትገፋለች። ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር።

እኔ ደግሞ በአንድ ኮርስ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። የሚያሳፍረው ኮርሱ የኮምፒውተር መሆኑ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ በረሃብ መሞት ማለት ይኼ ነው። ማጥናት ሲገባኝ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ፣ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ስልክ ላይ ጳጉሜ ለምን እንደማይታይ እመረምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ ላይ አማካሪዬ ቢሮዋ ጠርታ ወረቀት ሰጠችኝ። ቋንቋው ለስላሳ ነው። ፍሬ ነገሩ ግን፣ ከጥር ጀምሮ በሚወሰደው ኳርተር ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቅክ ከትምህርት ክፍሉ ትወጣለህ የሚል ነው። ቤት ገብቼ ለእናቴ ሳላሳምር በአማርኛ አነበብኩላት። እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ «እንግዲህ ያንን የሰው ድስት ተወው» አለችኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ማለት ምን ችግር አለው! በነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ፈረንጆች አንድ ነገር አላቸው፣ እስከ ዛሬ የምቀናባቸው። አቤቱታ ሲመጣላቸው አንብበው «ይህን አናርምም» ብለው ይዘጉታል። በቃ። ሰውየው ተቀየመ፣ አልተቀየመ፣ እነሱ እራታቸውን ይበላሉ። እኔ ይሉኝታ አለብኝ። አንዱ «ወንድሜ፣ የእናቴ ሙት ዓመት በፈረንጅ ስንት ቀን እንደሚውል ቶሎ ንገረኝ» ብሎ ይጽፋል። እንዴት አድርጌ ነው «አናርምም» የምለው? ሌላው ቀለሙን አረንጓዴ አድርገው ይለኛል፤ አረንጓዴ ሳደርገው ሌላ መጥቶ ምን አስበህ ነው አረንጓዴ ያደረግከው ብሎ ይሰድበኛል። ኧረ በሕግ! ለሁሉም መልስ እሰጣለሁ። ለተሳዳቢው ሳይቀር «ስላስተዋሉ አመሰግናለሁ» ብዬ ጽፌለታለሁ።

ከሁሉም የማከብራቸው አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። በአካል አይቻቸው አላውቅም። ሁልጊዜ «ይድረስ ለተከበሩ የካሌንደሩ አዘጋጅ» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ እርስዎ እያሉ። አዘጋጁ ፈተና የሚወድቅ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ነው ብሎ የነገራቸው የለም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ስህተት ሲያገኙ ቁጥሩን ከነስሌቱ ጽፈው ይልካሉ። እኔም አርሜ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ።

አሁን ስለ ስህተቴ ልናገር። የካሌንደሩ ዋና ነገር ቀን መቁጠር አልነበረም፣ ያንን ማንም ይሠራዋል። ዋናው ነገር ተንቀሳቃሾቹን ጾሞች ማውጣት ነበር። ነነዌ መቼ ይገባል፣ ከእሱ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሁዳዴ መቼ ይገባል፣ ፋሲካ መቼ ይውላል። ይህ በባሕረ ሐሳብ ነው የሚሰላው። አንድ ዲያቆን በሁለት ገጽ ወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ፣ ባቡር ላይ ነው ወደ ኮድ የቀየርኩት። ስሌቱ መጨረሻ ላይ ሁለት ቁጥር ትደምራለህ። ድምሩ ከሠላሳ ከበለጠ ሠላሳውን ትጥልና ነነዌን ከጥር ወደ የካቲት ታሻግራለህ። እኔ ሠላሳውን ጣልኩ። ማሻገሩን ረሳሁ።

ረስቼ ዝም ብል ኖሮ እንኳ በታወቀብኝ። ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ነው የሚገባው፤ ፕሮግራሙን በሚመጡት ዓመታት ላይ ስሞክረው አንዱ ዓመት ላይ ቅዳሜ ሆኖ መጣ። ያኔ ቆም ብዬ «ለምን?» ማለት ነበረብኝ። ግን ክላስ ሊጀምር አሥር ደቂቃ ቀርቶኛል፣ ደክሞኛል፣ ሦስት ሰዎች ካሌንደሩ የት ደረሰ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ሶ ምን አደረግኩ? ሰኞ ካልሆነ ወደሚቀጥለው ሰኞ ግፋው የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ። ቅዳሜው ሰኞ ሆነ፣ እኔም ተነሥቼ ሄድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን አልተፈታም፤ በእነዚያ ዓመታት ድምሩ ያንን ማሻገር የሚፈልግበት ቦታ አልደረሰም ነበርና ሁሉም ልክ ልኩን ያዘ። የተፈታው በዚያ የመጨረሻ ዕድሌ በሆነው ኳርተር ነው።

ጥር ላይ ትምህርት እንደጀመረ የካሌንደሩን መልእክቶች ከስልኬም ከኮምፒውተሬም ዘጋሁ። እንደ ሲጋራ ተውኩት። የመጀመሪያው ሳምንት እጄን ያሳክከኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን፣ ማመን ያቃተኝ ነገር፣ ደስ አለኝ። ላይብረሪው መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝናቡን እያየሁ የራሴን ትምህርት አጠናለሁ፤ የማንም ስልክ የማንም ጳጉሜ አያገባኝም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ጥያቄ እየሠራሁ እናቴ ከሥራ ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ ስልኳን ይዛ መጣች። ካሌንደሩ «ነገ ጾመ ነነዌ ይገባል» የሚል ማሳሰቢያ ልኮላታል።

«ይኼ ነገር እንዴት ነው?» አለችኝ። «ገናን በበላን በሳምንቱ? ጥምቀት እንኳ አልደረሰ።»

«በየዓመቱ ይለያያል እኮ እማዬ።»

«እሱማ ይለያያል። ግን ከጥምቀት ቀድሞ አይቼ አላውቅም።»

«ኮምፒውተር ነው የሚያሰላው፣ አይሳሳትም» አልኩ። ቀና ብዬ አላየኋትም። እርሳሴ እንኳ ከወረቀቱ አልተነሣም። «ፈተና አለብኝ፣ እሺ?»

«እሺ፣ እሺ። አጥና» አለችና ስልኳን ኪሷ ከታ ሄደች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስትጾም የኖረች ሴት ናት። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ የጾምኩት ቢደመር አንድ ሁዳዴ አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሽሮና ምስር በዛ። እኔ ምን አስተውላለሁ? የተሠራውን በልቼ እወጣለሁ። እሷ ስትጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ሁለት ባስ ይዛ ሄዳ፣ አሥራ አራት ክፍል አጽድታ፣ ከሰዓት ተመልሳ ነው የምትበላው። ፊቷ ሲከሳ አይቻለሁ። አይቼ፣ ዕድሜ ነው አልኩ። አንድ ቀን አብራት የምትሠራ ሴትዮ ኮል አደረገችልኝ። እናትህ አልጋ እያነጠፈች ራሷን ስታ ነበር፣ ውሃ ሰጥተናት ተነሣች፣ ቤት ሂጂ ብንላት እምቢ ብላ ክፍሎቿን ጨረሰች አለችኝ። ማታ ስጠይቃት «ድካም ነው፤ እሷ ደግሞ ወሬ አትችልም። አንተ ፈተናህን ተፈተን» ብላ ነገሩን ዘጋችው። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ስለዘጋችው እፎይ አልኩ። የሚቀጥለው ፈተና ረቡዕ ነበር።

መጋቢት ላይ አንድ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ላይብረሪ ሆኜ ውጤቴን አየሁ። አልፌያለሁ። ያውም ደህና አድርጌ። ብቻዬን ሳቅኩ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። ለእናቴ በአካል ልንገራት ብዬ ስልክ አልደወልኩም። ባስ እስኪመጣ ግን፣ እንግዲህ አሁን ማን ይከለክለኛል ብዬ ካሌንደሩን ከፈትኩት።

አቤቱታው ገጹን ሞልቶት ነበር። «ፋሲካ ከነገ ወዲያ ነው ይላል፣ ምን ጉድ ነው?» «ዶሮ ልረድ ወይስ ልጠብቅ?» «ወንድሜ አብደሃል እንዴ?» አንዱ በግ ገዝቻለሁ፣ አንተ ትበላዋለህ ብሎ ጽፏል። እየሳቅኩም እየደነገጥኩም ወደ ታች ወረድኩ። ከሁሉም ሥር፣ በጥር ወር የተጻፈ፣ የመጀመሪያው አቤቱታ የሒሳብ አስተማሪው ነበር።

«ይድረስ ለተከበሩ የካሌንደሩ አዘጋጅ። ነነዌ ቢወርድ ቢወርድ ከጥር አሥራ ሰባት እንደማይወርድ እርስዎም ያውቃሉ። የእርስዎ ካሌንደር ግን ጥር አምስት ላይ አስገብቶታል። ድምሩ ከሠላሳ ሲበልጥ ወደ የካቲት ማሻገሩ የተዘለለ ይመስለኛል። መቼም ሰው ጾሙን ከቤተ ክርስቲያን እንጂ ከስልክ አይዝምና ማንም አይሳሳትበትም፤ ጊዜ ሲያገኙ ይመልከቱት።»

ጊዜ ሲያገኙ። ባሱ መጥቶ ሄደ፣ አልተሳፈርኩም። ያ እሑድ፣ እናቴ ከነኮቷ ቆማ፣ ጥምቀት እንኳ አልደረሰ ስትለኝ ታየኝ። እናቴ እሑድ ትሠራለች። ቤተ ክርስቲያን የምትደርሰው በዓመት ስንቴ ነው? ጾሟን የያዘችው ከእኔ ነበር።

በሚቀጥለው ባስ ሄጄ፣ ባቡሩ ውስጥ ሆኜ ቆጠርኩት፤ ሃያ ስምንት ቀን። ሁዳዴን ያህል ጾም፣ አራት ሳምንት አስቀድሜ፣ ባዶ ሆዷን አልጋ እንድታነጥፍ አድርጌያታለሁ። ዕንባዬ መጣ፤ ባቡር ውስጥ ነኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ስገባ ምሳዋን ልትበላ ገና እየተቀመጠች ነበር። «አለፍኩ» አልኳት በመጀመሪያ፤ ሌላውን ከማንሣቴ በፊት ይህን ልስጣት ብዬ።

ተነሥታ ወለሉን ሳመች። በዚያ ጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን ሳመችና፣ ስትነሣ ጠረጴዛውን ይዛ ቆየች። «ሰማኝ» አለች። «ሰማልኝ እኮ!»

«እማዬ፣ ካሌንደሩ ተሳስቶ ነበር። ነነዌው። ሁዳዴውም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁዳዴ ገባ ባልከን በሦስተኛው ቀን።» ባልከን ነው ያለችው። «ሥራ ቦታ ሦስት ሴቶች ከእኔ ጋር ጀምረው ነበር፣ የአንተን ነገር ስልካቸው ላይ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። አንዷ ቄስ ጠየቀችና ገና ነው ተባለች። መነጽሬን ሳላደርግ ቀኑን አሳስቼ አንብቤው ነው፣ ይቅር በሉኝ አልኳቸው። እነሱ ተዉት።»

«አንቺስ ለምን አልተውሽውም?»

እንጀራውን ቆረሰች፣ ግን አልጎረሰችውም። «መጀመሪያ፣ የጀመርኩትን ማፍረስ ከበደኝ። ኋላ ደግሞ አሰብኩት። አንተ ፈተና ላይ ነህ። እኔ በእንግሊዝኛ አላግዝህ፣ በሒሳብ አላግዝህ። ትርፉን ቀን ለልጄ ፈተና ይሁንልኝ ብዬ ተሳልኩበት።» ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ እየሳቀ ነው። «አሁን ይኼ ስህተት ነው ትለኛለህ?»

ምን ልበላት? ስህተት ነው ብላት ስለቷን መንጠቄ ነው። አይደለም ብላት ያ የአልጋው ሥር መውደቅ፣ ያ መክሳት፣ ልክ ነበር ማለቴ ነው። ተናድጄም ነበር፤ በእሷም በራሴም፣ ሁለታችንን እንዲህ አድርጎ ባሳደገን ይሉኝታም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እናቴ ሞኝ አይደለችም፣ የያዘችው ግን እኔን ነበር።

ኮምፒውተሬን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ አረምኩት። ማሻገሩን ጨመርኩ፣ ያንን ወደ ሰኞ የሚገፋውን መስመር አጠፋሁ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። በእኛ ሥራ አንድ ነገር ስታርም፣ ምን እንደነበረና ማንን እንደጎዳ አጭር ማስታወሻ አብረህ ትጽፋለህ፤ ማስታወሻው ለዘላለም እዚያው ይኖራል፣ ማንም ያነበዋል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስህተቱ የእኔ ነው። ብጠየቅም ሳላይ መልስ ሰጥቻለሁ። በዚህ የተነሣ እናቴ በከባድ ሥራ ላይ ሆና ሃያ ስምንት ቀን ትርፍ ጾማለች።»

«ምን እያልክ ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። አነበብኩላት።

ሳቋ ጠፋ። «ኧረ አንተ ልጅ! ጾም ይወራል እንዴ? በሰው ፊት ካወራኸው ምኑን ጾምኩት? አጥፋው።»

«እማዬ፣ እውነት ነው እኮ።»

«እውነት ቢሆንም። አጥፋው ብያለሁ። ስህተት ነበረ፣ ታረመ በል። ይበቃል።»

አጠፋሁት። «የጾም ቀን ስህተት ታረመ» ብዬ ጻፍኩ፣ እሷው ስክሪኑ ላይ ፊደሉን እየተከተለች አነበበችው፣ ከዚያ ላክሁት። ካሌንደሩን ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌሎች አስረክቤያለሁ፤ ማስታወሻው ግን ዛሬም እንደዚያው አለ። የሒሳብ አስተማሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የመለሱልኝ። ተመስገን፣ ሰው ሳይጎዳበት ታረመ ብለው። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

እናቴ ሳህኗን አጥባ ስታበቃ ነገ ስንት ሰዓት እንደምትነሣ ስልኳ ላይ ሞላች። አሁን እንኳ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ነገር ቅመሺ ብዬ ለመንኳት፣ ሐኪሙም ካህኑም ይፈቅዱልሻል ብዬ። አልሰማችኝም። ዋናው ሁዳዴ ሊፈታ ገና አንድ ወር ይቀረው ነበር፣ ለእኔም ለመመረቅ ሁለት ኳርተር።